የመብረቅ ግራ እጅ

«ከታመመ ወዲህ ጊታር ነክቶ አያውቅም እኮ!» አለ የባንዱ ቤዝ ጊታር ተጫዋች፣ ከሻይ ብርጭቆው ቀና ብሎ። «መብረቅን የገደለው ሕመሙ አይደለም፤ ያለ ጊታር መቀመጡ ነው።»

በየወንበሩ የተደረደሩት ለቀስተኞች ከንፈራቸውን መጠጡ። የሟች ሚስት ትሪውን እንደያዘች በሩ ላይ ቀረች። ባሏን በጣቶቹ ፍጥነት መብረቅ ያሉት እነዚህ የባንዱ ሰዎች ናቸው። ከቀብሩ ወዲህ በየቀኑ እየመጡ ይቀመጣሉ፤ ስለ እሱ አፋቸውን ሞልተው ያወራሉ።

«ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» አለቻት የባሏ እህት በጆሮዋ። «ተያቸው፤ ሻያቸውን ይጠጡና ይሂዱ።»

ተወቻቸው። ጓዳ ገብታ ብርጭቆ ማጠብ ያዘች።

ልብስ ሰፊ ናት። ባሏ ይጫወትበት የነበረውን የምሽት ክበብ ደጃፉን እንኳ ረግጣ አታውቅም። «ሚስቱን አስከትሎ ሥራ የሚገባ ማን አለ?» ይላት ነበር። ከዚያ አንድ ጠዋት ግራ ጎኑ ከዳው። እግሩ ተጎተተ፤ እጁ ጭኑ ላይ እንደ እርጥብ ጨርቅ ወድቆ ቀረ። ወራት ግድግዳ ሲያይ ከረመና ድንገት «ጊታሩን አምጪ» አላት። «አጠገቤ ተቀመጪ። እኔ እመታለሁ፣ አንቺ ትይዣለሽ።»

«እኔ ምን አውቄ?»

«ስትሰፊ አይደል የምትውዪው? ክር ያው ክር ነው።»

ሲ፣ ጂ፣ ኤ ማይነር፤ ሦስት ኮርድ፣ ሦስት የጣት አያያዝ አስተማራት፣ ማስተማር ከተባለ። እሱ በደህናው ቀኝ እጁ ወደ ታች፣ ወደ ታች፣ ወደ ላይ እያለ ክሮቹን ይመታል። እሷ በሞተው ክንዱ ሥር ገብታ የጊታሩን አንገት ታንቃለች። ከሲ ወደ ጂ መሻገር አቃታት፤ ጣቶቿ እንደተጣሉ ጎረቤታሞች በየፊናቸው ይሄዱባታል። «ቀይሪ! ቀይሪ እንጂ፣ አለፈሽ!» ይጮህባታል። እስክትደርስ ጠብቋት አያውቅም። «እግርሽ የስፌት መኪናውን ሲረግጥ ምት ያውቃል፤ እጅሽ ብቻ ነው ደንቆሮ!» የጣቶቿ ጫፍ ተላጠ። መርፌ መያዝ አቅቷት የሰው ቀሚስ ሳይዘመዘም ሰነበተ።

ተሳድባ ያልተነሳችው በአንድ ነገር ነው። በሩ በተንኳኳ ቁጥር ምቱን ያቆምና «ልጆቹ ናቸው?» ይላል። ልጆቹ የሚላቸው የባንዱን ሰዎች ነው። ያ ሁሉ ጩኸት፣ ሲመጡ እየተጫወተ እንዲያገኙት ነበር። የሚያንኳኳው ግን ሁሌም ልብሱን ሊወስድ የመጣ ደንበኛ ነው። ብዙ ከቆየ በኋላ አንድ ዘፈን ከዳር እስከ ዳር ሳትስት ያዘችለት። «ጎበዝ» አላላትም።

«አሁን ቢመጡ ጥሩ ነበር» አለ።

አልመጡም።

የመጨረሻውን ብርጭቆ ደፍታ እጇን አደረቀችና ወደ ለቀስተኞቹ ተመለሰች።

«ይጫወት ነበር» አለች። «እሱ ይመታል፣ እኔ እይዛለሁ። ሊሞት ጥቂት ቀን እስኪቀረው ድረስ። እናንተን ሲጠብቅ።»

ቤዝ ተጫዋቹ አንገቱን ደፋ። «እንደዚያ ሆኖ ልናየው… አንጀታችን አልቻለም፣ እህቴ።»

«የእኔስ አንጀት ከምን የተሠራ መስሏችሁ ነው?»

ቤዝ ተጫዋቹ ተነሳና ጥግ የቆመውን ጊታር አንስቶ አጠገቧ ተቀመጠ። «እስቲ ያዢልኝ» አለ። እንቢ ልትል አፏን ከፍታ ነበር፤ ጣቶቿ ቀድመዋት ሲን ያዙ። መታ። ከባሏ ጋር የተለማመደችውን ዘፈን ከአያያዟ ወዲያው አወቀው። መሻገሪያው ሲደርስ ምቱን አዘገየላት።

«አይዞሽ፣ እጠብቅሻለሁ።»

«አትጠብቀኝ!» አለች። «እሱ ጠብቆኝ አያውቅም።»

አልጠበቃትም። ጂን ሳትዘገይ ያዘች፤ ኤ ማይነርንም። የሰውየው ምት ከባሏ ምት የጠራ፣ የለሰለሰ ነበር፤ ያቃጠላትም ይኸው ነው። የመጨረሻው ኮርድ ድምፁ አልሞት ብሎ ቤቱ ውስጥ ሲንሳፈፍ፣ ቤዝ ተጫዋቹ እንባውን እየጠረገ «መብረቅ ይሄን ቢሰማ…» ብሎ ጀመረ።

ቀኝ መዳፏን ዘርግታ ክሮቹ ላይ ጫነች፤ ዝም እስኪሉ። ዝም ካሉም በኋላ አላነሳችውም።