ከአባቷም ከእናቷም ያልመጣው

ትሕትና ስምንት ዓመት ሞልቷት ከአፏ የሚወጣው ቃል «እንቢ» እና «ውሃ» ብቻ ነበር። የቀረውን ወይ በጩኸት ወይ የሰው እጅ ጎትታ ነው የምታስረዳው። እናቷ የብርጓል ያላስጠመቀችበት ጠበል፣ ያልተሳለችለት ታቦት የለም። አባቷ መሪጌታ ወልደ ሩፋኤል ከአምበር ከተማ ከፍ ብሎ ባለ ደብር ቅኔ ያስተምራል። ደቀ መዝሙሮቹ ከማለዳ ጀምረው ሲቀኙ ሲያዜሙ ልጂቱ ጥግ ይዛ የድስት ክዳን ስታሽከረክር ትውላለች።

የመሪጌታ እህት ወለተ ሰንበት ምክንያቱን ካገኘችው ቆይታለች። «ዲዳ ያለው በእናንተ ዘር ነው» ትላታለች የብርጓልን፣ ፊት ለፊት። እውነትም አንድ አጎቷ ሳይናገር ኖሮ ሳይናገር ነው የሞተው።

በ2008 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ የመጡ ሐኪሞች ኦቲዝም ኖሮባቸው አፍ ያልፈቱ ልጆችን ያጠናሉ፣ ከወላጆቻቸውም ደም ይወስዳሉ ተባለ። አባት፣ እናትና ልጅ ሦስቱም ሐኪሞቹ ወዳሉበት ደብረ ማርቆስ ወረዱ። ዶክተር አካለ ወልድ የሚባል ወጣት ሐኪም ተቀበላቸው።

«ጥናት ነው እንጂ ሕክምና አይደለም» አላቸው። «መድኃኒት እሰጣችኋለሁ ብዬ አልዋሽም።»

የብርጓል ጆሮዋ ሰማ፤ ልቧ ግን አልሰማም። መርፌው ሲመጣ ትሕትና «እንቢ! እንቢ!» እያለች ተንፈራገጠች። ካሏት ሁለት ቃላት አንዱን በቦታው ተናገረች፤ ደረቷ ላይ አጣብቃ የያዘቻት ግን ራሷ እናቷ ናት።

በዓመቱ ውጤቱ ደርሷል ተብሎ ተደወለ። ሰሙነ ሕማማት ነበርና መሪጌታ ከደብሩ መለየት አልቻለም። የብርጓል ልጇን ይዛ ብቻዋን ሄደች።

«ጂን በሚባለው የዘር ቅንጣቷ ላይ ለውጥ አግኝተናል» አላት ዶክተሩ። «ለውጡ በእርስዎም በመሪጌታም ደም ውስጥ የለም። በእሷ ላይ አዲስ የተፈጠረ ነው።»

«ከእኔ አይደለም?»

«አይደለም። ጥፋተኛ የለም።»

የብርጓል ነጠላዋን አፏ ላይ ጭና አለቀሰች። አጎቷን አሰበችው፤ ነፍሱን ይማረውና ስንት ዘመን በከንቱ ታማ! ቀና አለችና፣ «ታዲያ አሁን መድኃኒቱ ታወቀ?» ብላ ጠየቀች።

ሐኪሙ አቀረቀረ። «መድኃኒት የለውም፣ እናቴ።»

ቤት ስትደርስ ወለተ ሰንበት ከወንድሟ ጋር ተቀምጣ አገኘቻት። የብርጓል አላስቻላትም፤ ከደጃፍ ሆና፣ «ከእኔ ዘር አይደለም! ከአባቷም አይደለም ብለዋል!» አለች።



«ከአባቷም አይደለም?» አለች ወለተ ሰንበት ቀስ ብላ። «ታዲያ ከማን ነው?»

የብርጓል የተናገረችው ቃል ሁለት ፍቺ እንዳለው ያወቀችው የባሏን ፊት ስታይ ነው። ሰምና ወርቅ ሲለይ የኖረ ሰው ነውና ክፉው ፍቺ ቀድሞ ደረሰው። ለማስረዳት ሞከረች። ግን ዶክተሩ ሲናገር ቀላል የነበረው ነገር በእሷ አፍ ሰበብ መሰለ።

በማግስቱ መሪጌታ ራሱ ለዶክተሩ ደወለ። «ልጅዎ ናት። ደሙም የመሰከረው ይህንኑ ነው» አለው ዶክተሩ። መሪጌታ ስልኩን ዘጋና ሚስቱን፣ «አምኛለሁ» አላት። ደግሞም ያመነ ይመስላል። ወሬው ግን ትንሣኤ ሳይደርስ አምበር ገበያ ገብቷል። ሴቶቹ ሲያዩዋት ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጋሉ። ራሷም በቅጡ ያልገባትን ነገር በየሰው ደጅ ዞራ ልታስረዳ አትችልም።

በዳግማይ ትንሣኤ ረፋዱ ላይ ውሃ ቀድታ ስትመለስ ትሕትና ደጅ ፀሐይ ላይ እንቅልፍ ወስዷት ነበር። መሪጌታ አጎንብሶ ፀጉሯን ወደ ኋላ ገለጥ አድርጎ ጆሮዋን ይመለከታል፤ ቆየት ብሎ የራሱን ጆሮ በጣቱ ዳሰሰ። የብርጓልን ሲያያት ደንገጥ አለ።

«አተኩሷት መስሎኝ ነው» አላት።

«አተኩሷታል?»

«የለም፣ ደህና ናት።» ጥምጣሙን አስተካክሎ ወደ ደብሩ ወጣ።

የብርጓል ጀሪካኑን አስቀምጣ ልጇን ልታቅፍ እጇን ዘረጋች። ትሕትና ዓይኗን ሳትገልጥ የእናቷን እጅ ገፋችው።