የጨረቃው ሜዳሊያ

ሉማሜ ላይ ሬዲዮ የሚጠግነው ዓለምነው ሣጥኑን ሲከፍት የብር ሜዳሊያው የለም። ሰዎች ጨረቃን የረገጡበት መታሰቢያ ነው፤ ከቴምብሮችና ከአንዲት ያልበረረች የመንኮራኩር መለዋወጫ ብሎን ጋር ዐሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ ለቃቅሞ ያኖረው።

«ሜዳሊያዬን ማን ነካው?»

«እኔ ነኝ፤ ምን ያስጮህሃል?» አሉ አማቱ እማማ ወለተ ሐዋርያት። «ጠገራ ብር መስሎኝ ለአንጥረኛ ሰጠሁት። አቅልጦ ለልጅህ ክርስትና የአንገት መስቀል ሠራበት።»

«የጠፈር ቆብ የደፋ ሰው አላዩበትም?»

«ንጉሥ መሰለኝ።»

ደሙ ፈላ። መቀስ አንሥቶ ወደ ሕፃኗ ተራመደ። አማቱ ግን ንቅንቅ አላሉም።

«በላ በጥሰው! የገዛ ልጅህን ማተብ በጥሰህ ጨረቃህን ሰብስብ!»

መቀሱን ከግድግዳው ጋር አላተመው። ከዚያ ብሎኗን ከሣጥኑ መንጭቆ ኪሱ ከተተና፣ «ይቺንም ለማረሻ ሳታቀልጡብኝ!» ብሎ በሩን ጠርቅሞ ወጣ።