የድንቡሼ ምስክርነት

«ያዛት እስቲ! በሁለት እጅህ እንጂ፣ አንተ ፈሪ!»

ፀጉር አስተካካዩ ዶሮዋን ተቀብሎ ወደ ደረቱ ሲያስጠጋት ክንፏን አርገፍግፋ ፊቱን በላባ ጠረገችው። ግቢው በሳቅ ፈነዳ። ጠርሙስና ማሰሮ ይዞ ከበሩ እስከ መንገዱ ጥግ የተሰለፈው ሰው ሁሉ አንገቱን አስግጎ ያያል።

«ከበደችህ?»

«ድንጋይ ናት፣ እማማ!»

«በል፣ አሁን ማሰሮህን አምጣ።»

እማማ መርፌ ነው የሚሏቸው፤ ስሙን ያወጣላቸው ምላሳቸው ነው። ታችኛው ሰፈር የወፍ ጉንፋን ገባ ከተባለ ወዲህ ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል እየወቀጡ፣ በማር እየለወሱ ለራሳቸው ሰዎች መስጠት ጀመሩ። ወሬው አጥር ዘለለና ሰፈሩ ግልብጥ ብሎ መጣ። ገንዘብ አይቀበሉም። ምስጋና ግን ሞልቶ ሲፈስ ይወዳሉ። ዶሮዎቻቸውም ከዚያው ሽንኩርት በውሃ ተበጥብጦላቸው ስለሚጠጡ፣ የመድኃኒቱ ምስክር የሆነችውን ወፍራሟን ዶሮ ድንቡሼን ያላቀፈ ሰው ጠብታ አያገኝም። ሕጉ ይኸው ነው። «ሐኪም ወረቀት ያሳያችኋል፤ እኔ ዶሮ አሳያችኋለሁ!» ይላሉ፣ ሙቀጫውን እየደለቁ።

ዛሬማ ልባቸው ከሙቀጫው በላይ ይደልቃል። ልጃቸውና ምራታቸው የልጅ ልጃቸውን ይዘው ይመጣሉ። ምራቲቱ ነርስ ናት፤ ስልክ በደወለች ቁጥር «እማዬ፣ የታመመ ዶሮ በባዶ እጅ እንዳይነኩ፤ ሽንኩርት ይህን አይመልስም» ትላለች። ትምጣና ይህን ሰልፍ ትየው! ቆብ ደፍታ ከምትውልበት ክሊኒክ በር ላይ ይህን ያህል ሰው ተሰልፎ ያውቃል?

ሽንኩርት አለቀባቸውና ጓሮ ወዳለው ማስቀመጫ ዞሩ። በዶሮ ቤቱ በኩል ሲያልፉ ቀይዋ ዶሮ ከቆጡ ሥር ተዘርራ አዩ። ትናንትም አንዷ ሞታ ነበር፤ «ድመት ነው» ብለው በእጃቸው አንስተው ቀብረዋታል። ይቺ ግን ጥርስ አልነካትም። ፊቷ አብጧል፤ አናቷ ላይ ያለው ቀይ ኩክኒ እንደ በለዘ ጥፍር ጠቁሯል። ከጎኗ ሽንኩርት የሚሸት ውሃ የያዘው ጣሳ እስከ አፉ ሞልቶ ተቀምጧል።

ቆመው ቀሩ። ማንም አላየም። አንድ ጆንያ ጣል ቢያደርጉባት፣ ወጥተው ቢስቁ፣ ሰልፉ ይቀጥላል። ስማቸውም እንደተከበረ ይኖራል።

ከፊት ለፊት የመኪና ጥሩምባ ተሰማ። ወዲያው ደግሞ «አያቴ! አያቴ! ዶሮዋን ልቀፋት!» የሚል ቀጭን ድምፅ ግቢውን ሰነጠቀው።

እነዚያ ጉልበቶች ኃይል ከየት አምጥተው እንደሮጡ እሳቸውም አያውቁም። ልጅቷ እጇን ዘርግታ እየበረረች ነው። ፀጉር አስተካካዩ ጎንበስ ብሎ ድንቡሼን ሊሰጣት ነው። የድንቡሼ አንገት ክንዱ ላይ ዘንበል ብሏል፤ ከአፏ ለሐጭ ይንጠባጠባል። ያን የሚያህል ሰው ሲስቅ አንድም ያስተዋለ የለም።

«እንዳትነኪያት!»

ጩኸታቸው ሳቁን ቆረጠው። ልጅቷ ባለችበት ደረቀች፤ እናቷ ደርሳ ከኋላ አፈፍ አደረገቻት።

«ውጡ! ልጅቷን ይዛችሁ ከበሩ ውጭ ቁሙ! አንተ፣ ዶሮዋን ቅርጫቱ ውስጥ ክተታት፣ በቀስታ። ሌላችሁ ደግሞ ስሙኝ!» ትንፋሻቸው ተቆራረጠ። «ሽንኩርቱ ጉሮሮ ያሞቃል። ይህን በሽታ አይመልስም። ለዶሮዎቼም አልመለሰላቸውም፤ ጓሮ ሞተዋል።»

ቀድሞ የተናገረው ፀጉር አስተካካዩ ነበር፤ እጆቹን ከሰውነቱ አርቆ የሌላ ሰው ዕቃ ይመስል ያያቸዋል።

«እማማ… ሁላችንም እኮ አቅፈናታል።»

«አዎ። ያሳቀፍኳችሁ እኔ ነኝ። ስድቡን ነገ ታመጣላችሁ፤ አሁን ሳሙና!»

ግቢው እንደተነካ የንብ ቀፎ ተናወጠ። ባልዲ መጣ፣ ቧንቧ ተከፈተ፣ ጫማ ተፋቀ። ምራቲቱ ከበሩ ውጭ ሆና ለእንስሳት ጤና ቢሮ ደወለች፤ ትኩሳት ወይም ሳል የጀመረው ሰው ዶሮ መንካቱን ተናግሮ ወዲያው እንዲታከም በአጥሩ ላይ ታስረዳለች። እሷ ስትናገር እማማ መርፌ ከውስጥ እየተቀበሉ ያስፈጽማሉ። «ሰምተሃል? ጥፍርህን! ከጥፍርህ ሥር ያለውን ጎረቤት ይጠብልህ?» አንዱን እጁን እንደገና እንዲታጠብ ሁለቴ መለሱት። ማሰሮው ሁሉ መሬት ላይ ተረስቶ ቀርቷል።

የእንስሳት ሐኪሟ ጓንትና ጭንብል አድርጋ ደረሰች። ከድንቡሼም ከሞተችውም ናሙና ወሰደች። ውጤቱ እስኪመጣ ግቢው ተዘግቶ እንዲቆይ፣ እሳቸውም ከሰው ተለይተው ትኩሳታቸውን እንዲለኩ አዘዘች። ሲያዟቸው እሺ ያሉት ምናልባት ያኔ ብቻ ነው።

ሰዉ ተበተነ። ከመንገዱ ማዶ ልጃቸው መኪናውን ተደግፎ ቆሟል፤ ምራቲቱ የልጅቷን እጅ አጥብቃ ይዛለች።

«አያቴ፣ ነይ እቀፊኝ!»

ሰውነታቸው ቀድሞ ተነሣ፤ እግራቸው በሩ ድረስ ሄደ። በሩ ላይ ሲደርሱ እጆቻቸውን ወደ ኋላ አዞሩና አንዱን በሌላው ጭምድድ አድርገው ያዙ። ሳሙናው ቆዳቸውን አድርቆታል።

«አልመጣም!» አሉ ጮክ ብለው። «አንቺ ግን ዝለይ፣ ቁመትሽን ልየው!»

ልጅቷ ዘለለች። ደግማ ዘለለች፤ ፀጉሯ ብን እያለ፣ እናቷም እየሳቀች፣ እያለቀሰችም። «አንቺም ዝለይ፣ አያቴ!»

እማማ መርፌ መንገዱን ግራ ቀኝ ቃኙ፤ የሚያያቸው ሰው ሞልቷል። እጃቸውን ከኋላ እንደያዙ ጉልበታቸውን ሰበር አደረጉና፣ ዘለሉ።