ከአንገት ወይስ ከወገብ

«ከአንገት ብቻ ነው ያልኩዎት ጌታዬ! አሁንም በጣም ወረዱ» አለች ናራሳኪ።

ኩራሺና ቀና አለ። ከሆቴሉ አዳራሽ ጀርባ ባለች ጠባብ ክፍል፣ በዚህ ዕድሜው፣ የሃናዋ ኤሌክትሮኒክስ ምክትል ፕሬዝዳንት ሆኖ እጅ መንሳት እየተማረ ነው። ያውም ከገዛ ሕዝብ ግንኙነት ኃላፊው ከናራሳኪ። ጉድ እኮ ነው! በዚህ አገር ሕፃን እንኳ እናቱ ጀርባ ላይ ታዝሎ የሚማረውን ነገር።

ቀልድ ግን አልነበረም። የሕግ ክፍሉ ሰዎች መክረው ወስነዋል። ዛሬ መግለጫው ላይ፣ ጋዜጠኞቹ ፊት አንገትን ሰበር አድርጎ ቀና ማለት «በደረሰው ነገር አዝነናል» ማለት ነው። ከወገብ ታጥፎ መቆየት ደግሞ «ጥፋቱ የኛ ነው» ማለት ነው፤ ይህን ቴሌቪዥን የሚያይ ሁሉ ያውቀዋል። ጥፋቱ የኛ ነው ከተባለ ደግሞ የተሸጠችው ጌም በሙሉ ከየቤቱ ትሰበሰባለች፣ ኩባንያውም ጉድ ይሆናል።

ጌሟ ለአዲስ ዓመት የወጣች በመዳፍ የምትያዝ መጫወቻ ናት። ባትሪዋ ይግላል። ኒጋታ ውስጥ የአንዲትን ትንሽ ልጅ መዳፍ አቃጥላለች። ኩባንያው «ብርድ ልብስ ውስጥ ይዛት ገብታ ነው፤ የአጠቃቀም ጉዳይ ነው» ሊል ነው። ኧረ በዚህ ብርድ፣ ብርድ ልብስ በለበሰው ማሞቂያ ጠረጴዛ ስር ተወሽቆ የማይጫወት ልጅ የት ይገኛል?

ኩራሺና እውነቱን ያውቃል። መሐንዲሶቹ ባትሪው ገና ነው ሲሉት ነገሩን ለፕሬዝዳንት ኦኩዴራ ያደረሰው እሱ ራሱ ነው። ኦኩዴራ «ለአዲስ ዓመት ካልወጣች ሞታለች» አሉ፤ እሱም እሺ አለ። እሺ ማለት ልማዱ ነው። ከትውልድ ከተማው ከኡዌዳ መጥቶ ሬዲዮ መበየድ ከጀመረ ወዲህ፣ ወደ ካሴት ማጫወቻ ክፍል ሂድ ሲሉት እሺ፣ የሙዚቃ ክፍላችንን ዘፋኞች ያዝልን ሲሉት እሺ፣ ሴት ልጁ የተወለደች ቀን ኦሳካ ሄደህ እንግዳ ጋብዝ ሲሉት እሺ እያለ ነው እዚህ የደረሰው። አሁን የቀረችው አንዲት ወንበር ናት።

የወንበሯ ባለቤት ኦኩዴራ ገቡና ክራባቱን አስተካከሉለት።

«ስማ ኩራሺና፣ ሚያዝያ ሲገባ ቦታዬ ያንተ ነው። ከቦርዱ ጋር ጨርሻለሁ። ዛሬን ብቻ እንዳታበላሽብኝ።»

«እሺ፣ ፕሬዝዳንት።»

«እኔ ቀና ስል ቀና በል። አለቀ።»

ኦኩዴራ ወደ በሩ ሄደው ስልካቸውን ማየት ያዙ። ናራሳኪ ጠጋ አለችው።

«ጌታዬ፣ ይቅርታ... ልጄ ያቺን ጌም ታቅፎ ነው የሚተኛው። እናቴ ጋ ነው ያለው። ችግር የለውም አይደል?»

ኩራሺና ዛሬ ጠዋት ጫማውን እያሰረ ለሴት ልጁ ደውሎ «ያቺን ጌም ከልጅሽ ንጠቂና በረንዳ ላይ አውጪያት። ለምን አትበይኝ፣ አሁኑኑ!» ብሏታል። የልጅ ልጁ እሪ ሲል በስልኩ ሰምቷል።

በሩ ጋ ኦኩዴራ ዘወር ብለው አዩት።

«ምንም ችግር የለውም» አለ ኩራሺና።

«እፎይ! ጨንቆኝ ነበር እኮ» አለችና ከልቧ ጎንበስ ብላ እጅ ነሳችው። ምነው ባልነሳችው!

አዳራሹ በጋዜጠኛ ታጭቋል። ኦኩዴራ መሀል ቆሙ፤ ኩራሺና በቀኛቸው፣ የሕግ ክፍሉ ኃላፊ በግራቸው። ኦኩዴራ ስለ አጠቃቀም የተጻፈውን አነበቡ። ከዚያ ሦስቱም አንገታቸውን ሰበሩ፤ ካሜራው ቆርቆሮ ጣሪያ ላይ እንደሚወርድ በረዶ ተንጣጣ።

ኩራሺና ዓይኑን ወለሉ ላይ ተክሏል። ከጠረጴዛው ጫፍ ወዲያ የናራሳኪ ጥቁር ጫማ ይታየዋል። ኦኩዴራ ቀና ሲሉ የኮታቸውን ኮሽታ ሰማ። ቀና በል አንተ ሰው! ወንበርህ! ቀና በል! ግን የናራሳኪ ልጅ ዛሬም ጌሟን ታቅፎ ሊተኛ ነው። እሱ ችግር የለውም ስላለ።

ቀና አላለም። ጭራሽ ወረደ። ወገቡ ታጠፈ፣ ግንባሩ ጠረጴዛውን ሊነካ ደረሰ።

ካሜራው እንደ አዲስ ተንጫጫ።

«ተነስ» አሉ ኦኩዴራ ከንፈራቸውን ሳያንቀሳቅሱ። «ተነስ እንጂ፣ አንተ ጉድ!»

ላቡ በአፍንጫው ጫፍ ጠብ አለ። አልተነሳም።

«ፕሬዝዳንት!» ብሎ ጮኸ አንድ ጋዜጠኛ ከኋላ። «ምክትልዎ ጥፋቱ የኛ ነው እያሉ ነው። እርስዎስ?»

ኦኩዴራ እንደቆሙ ቢቀሩ፣ ምክትላቸው ተደፍቶ እሳቸው የተገተሩ፣ የልጅ መዳፍ ተቃጥሎ ደንታ የሌላቸው ሰው ሆነው ማታ በየቤቱ ሊታዩ ነው። ካጎነበሱም ያው አለቀ። በመጨረሻ ያ ሽበታም ራስ ከጎኑ ቀስ እያለ ወረደ፤ እስከ ወገብ ወረደ።

«ጨረስከኝ» አሉት እዚያው ታች፣ ፊታቸው እንደተደፋ። «ራስህንም ጨረስክ።»

«እሺ፣ ፕሬዝዳንት» አለ ኩራሺና።

ኮሪደሩ ላይ የሕግ ሰዎቹ በስልክ ይጯጯሃሉ፤ ጌሟ ልትሰበሰብ ነው። ኩራሺናን ቀና ብሎ ያየው የለም። እሱ የሚፈልገው ናራሳኪን ነበር። ጥግ ላይ አገኛት፤ ስልኩን ጆሮዋ ላይ ለጥፋለች።

«እማዬ፣ ጌሟን ንጠቂው አልኩሽ! ያልቅስ! በረንዳ ላይ አውጪያት! በቃ አሁኑኑ!»

ስልኩን ዘግታ ዞር ስትል አየችው። ዓይኗ ቀልቷል።

«እኔ ስጠይቅዎት ያውቁ ነበር?»

«አውቅ ነበር» አለ ኩራሺና። ኮሪደሩ መሀል እስከ ወገቡ ታጥፎ እጅ ነሳት፤ ይህኛውን ያስተማረው የለም። የጫማዋ ኮቴ እየራቀ ሲሄድ ሰማ።

ቀና ሲል አልነበረችም።