አዳራሽ ውስጥ ጠየቀችው

የውሃና የመብራት ድርጅቶችን በሚቆጣጠረው መሥሪያ ቤት የፋይናንስና የአስተዳደር ክትትል ኃላፊዋን ሁሉም «ብረቷ» ይሏታል። ፊት ለፊት የሚላት ግን የለም።

ድሮ እዚያው ቤት ጀማሪ ኦዲተር ሳለች፣ እንቅልፍ አጥታ የሠራችውን ጥናት አለቃዋ የራሱ አድርጎ ለመሥሪያ ቤቱ ቦርድ አቀረበው። ስትቃወም፣ ሆዷ ገፍቶ እያለ ምድር ቤት፣ መስኮት የሌለው መጋዘን ውስጥ መደባት። «እዚያ ቀዝቀዝ ይላል፤ ላንቺም ለልጅሽም ይስማማል» አላት፣ ሰው ሁሉ እየሰማ። የሳቁም ነበሩ። እሱ በዚያ ጥናት ስሙ ገኖ የከተማው ውሃ ድርጅት ሥራ አስኪያጅ ሆነ። እሷ አንገቷን ደፍታ ሠራች፤ ቂሟንም ከልጇ ጋር አብራ አሳደገች።

ዘንድሮ ድርጅቱ የታሪፍ ጭማሪ ጠየቀ። ማመልከቻው የሚያልፈው በእሷ እጅ ነው። የድሮ አለቃዋ ቢሮዋ መጥቶ ወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀመጠ።

«እርስዎ ያውቁታል፣ ፓምፖቹ አርጅተዋል» አላት።

«አንቺ ይበሉኝ እንጂ፤ ለምደውት የለ?»

ላብ ላብ አለው። ስለ ፓምፖቹ ያለው እውነት መሆኑን እሷም ታውቃለች። ግን አንድ ጉድ አግኝታበታለች፦ የድርጅቱን ሒሳብ የሚመረምረው ኮሚቴ ሰብሳቢ የሚስቱ ወንድም ነው። ደንቡ ይህን ይከለክላል። እንዲህ ያለ ነገር ሲገኝ የመሥሪያ ቤቱ ልማድ፣ በጓዳ ተነጋግሮ ድርጅቱ ሰብሳቢውን የሚያነሳበት ጊዜ መስጠት ነው።

«ቀስ ብለን እናስተካክለው፤ ጭማሪው ለሕዝቡም ያስፈልጋል» ብሎ ምክትሏ ለመናት።

«እኔን ቀስ ብሎ ነው የወረወረኝ?» አለችው።

ስለ ጭማሪው በተጠራው የሕዝብ ውይይት ቀን አዳራሹ ጢም ብሎ ሞላ። ሥራ አስኪያጁ ከረባቱን አሳምሮ ስለ ፓምፕ ሲያስረዳ ቆየና ተራው የእሷ ሆነ።

«የኦዲት ኮሚቴዎ ሰብሳቢ ለእርስዎ ምንዎ ናቸው?»

«የሥራ ባልደረባዬ።»

«ከሥራ ውጭስ?»

ግንባሩን በመሐረብ ጠረገ። ማይክሮፎኑ ትንፋሹን አሰማበት።

«አማቹ ነው!» ብላ ከኋላ አንዲት ሴትዮ ጮኸች። «ሠርጋቸው ላይ ነበርኩ!»

አዳራሹ በሳቅ አውካካ። ብረቷ አልሳቀችም። ጫጫታው እስኪበርድ ጠበቀችና፣ «የሞቀዎት መሰለኝ፤ መስኮት ይከፈትልዎ?» አለችው።

ቦርዱ ጭማሪውን ውድቅ አደረገ። ሰውዬውም ብዙ ሳይቆይ ሥራውን ለቀቀ።

ፓምፖቹ ግን ሳይቀየሩ ቀሩ። በበጋ አንዱ ተቃጠለና ኮረብታው ላይ ያለው ሰፈር ውሃ ጠፋበት። እናቷና ታናሽ እህቷ የሚኖሩት እዚያ ነው። በመኪናዋ ጄሪካን ጭና ስትደርስ እህቷ በር ላይ ቆማ ጠበቀቻት።

«እማዬ ባልዲ ይዛ ደረጃ ስትወጣ ወደቀች። ደግነቱ አልተሰበረችም» አለቻት። «ሰው ሁሉ ያንቺ እልህ ነው ይላል። እውነት ነው?»

«እሱ እኮ እኔን እንዴት እንዳደረገኝ...»

«ስለ እሱ አልጠየቅኩሽም። አሁን ረካሽ?»

ልትዋሻት ፈለገች፤ አልሆነላትም።

«አዎ» አለች። «ረክቻለሁ።»

እህቷ አንዱን ጄሪካን ተቀብላት ገባች፤ ግቢ አላለቻትም። ብረቷ ሌላኛውን ጄሪካን ተሸክማ ሳትጋበዝ ተከተለቻት፤ ከእናቷ አልጋ ጫፍ ላይ ተቀምጣም እግሯን አሸችላት።

ሰኞ ጠዋት ለአዲሱ ሥራ አስኪያጅ ራሷ ደወለችና ማመልከቻውን እንደገና ይዞ እንዲመጣ ነገረችው። የእናቷ መውደቅ ትዝ ባላት ቁጥር ሆዷ ይባባል። ያ ሰውዬ ማይክሮፎን ፊት ሲያልበው ትዝ ሲላት ግን፣ ዛሬም ደስ ይላታል።