በማጠፊያው የዞረው ስም

እንከን ሁለት ወረቀት ይዞ ባይመጣ ኖሮ ሚጣ ያን ቀን ደስ ብሏት ትውል ነበር። ሰባት ወር ሳታየው የከረመችውን ጉድለት ትናንት አስተካክላ ልካለች። ሻይዋን ይዛ፣ ወንበሯን ወደ ኋላ ለጠጥ አድርጋ፣ ራሷን እያመሰገነች ተቀምጣለች።

እንከን የቢሮው ሞካሪ ነው። ሌሎች የጻፉትን ፕሮግራም እየነካካ ጉድለት መፈለግ መተዳደሪያው ነው፤ ቅጽል ስሙም ከዚያው የመጣ ነው። እንደምን አደርክ ሲሉት እንኳ ሰላምታው የጎደለው ነገር እንዳለ የሚመረምር ሰው ነው። ሚጣ ትናንት ማስተካከያዋን ስትልክ ለእሱ አላሳየችውም። ብታሳየው ሁለት ቀን እንደሚይዝባት ታውቃለች።

«ሚጣ፣ ይቺ መስመር ስም የላትም» አላት።

«የቷ?»

ወረቀቶቹን አነባብሮ በመስኮቱ መስታወት ላይ ለጠፋቸው። ብርሃኑ ከጀርባ ሲመጣ አሮጌው ፕሮግራም የሣለውና አዲሱ የሣለው አንዱ በሌላው ውስጥ ታዩ። መስመሮቹ ልክክ ብለዋል። ስሞቹ ግን አልገጠሙም።

ሚጣ ሻይዋን አስቀመጠች።

ነገሩ እንዲህ ነው። ፕሮግራሙ የተሠራው ለመብራት ድርጅት ነው፤ ከመሬት በታች የተቀበሩትን የኤሌክትሪክ ኬብሎች በኮምፒዩተር ላይ ይሥላል። እያንዳንዱ ኬብል አንድ መስመር ነው፤ ስሙም ከመስመሩ በላይ፣ በመስመሩ አቅጣጫ ተጋድሞ ይጻፋል። ሠራተኞቹ ጉድጓድ ሲወርዱ የሚይዙት ይህንኑ ሥዕል አትመው ነው። የመጀመሪያው ሥዕል አንድ ጉድለት ነበረበት፤ ከቀኝ ወደ ግራ የሚሄድ ኬብል ስሙ ተዘቅዝቆ ይወጣል። ፕሮግራሙን የጻፈችው ሚጣ ይህን ሰባት ወር ሙሉ አላየችውም።

ላለማየቷ ደግሞ ምክንያት አላት። ልጅ ሳለች ቤታቸው የነበረው አንድ ጠረጴዛና አንድ መጽሐፍ ነው። ታላቅ ወንድሟ በወዲህ በኩል ተቀምጦ ለፈተና ሲያጠና፣ እሷ በወዲያ በኩል ተንበርክካ በጣቱ ሥር የሚያልፉትን ፊደላት ትከተላለች። እንዲህ ሆና ማንም ሳያስተምራት ማንበብ ቻለች፤ ግን የቻለችው የተዘቀዘቀውን ነው። ትምህርት ቤት ገብታ መጽሐፉን ገልብጣ ይዛ ስታነበንበው አስተማሪዋ በሳቅ ፈረሰች። ዛሬም ቢሆን የቆመ ጽሑፍና የተዘቀዘቀ ጽሑፍ ለሚጣ ያው ነው።

ያ ወንድሟ፣ ጋሼ ነው የምትለው፣ ሃያ ሁለት ዓመት የመብራት ድርጅት ኬብል ሠራተኛ ነው። መነጽር ያደረገችውን የሠላሳ ሁለት ዓመት ሴት እስከ ዛሬ ሚጣ የሚላትም እሱ ነው። አንድ ቀን ቢሮ መጥቶ በዚህ ስም ጠራትና ሌላው ስሟ ያኔ ቀረ። ባለፈው እሑድ ሰው በተሰበሰበበት ቀለደባት። «ያንቺን ሥዕል ሳነብ አንገቴ ተጣሞ ሊቀር ነው። ሚስቴ ማንን ነው እንዲህ ዞረህ የምታየው እያለች ነው» አለ። ሁሉም ሳቁ፤ ሚጣም ሳቀች። ሌላ ሰው ቢሆን ጆሮ ዳባ ልበስ ብላ ታልፈው ነበር። የጋሼ ቀልድ ግን ከነከናት።

ስለዚህ ትናንት ተቀምጣ አስተካከለችው። የተዘቀዘቀውን ስም መቶ ሰማንያ ዲግሪ ማዞር ነው፤ ምን ይከብዳል? የሚከብደው ኮምፒዩተር ጽሑፍ አዙር ሲሉት በምን ላይ እንደሚያዞረው መንገር ስለሚያስፈልግ ነው። ካልነገሩት የቃሉን አንድ ጥግ ይዞ ያዞረዋል። የድስት ክዳን በመሀሉ ነው የሚዞረው፤ ከቦታው ንቅንቅ አይልም። በር ግን የሚዞረው በማጠፊያው ነው፤ ሲዞር ወዲያኛው ክፍል ይገባል። ሚጣ ክዳን አዞርኩ ብላ በር አዞረች። ከመስመሩ በላይ የነበረው ስም ከመስመሩ በታች ወረደ፤ ከታች ደግሞ የሚቀጥለው ኬብል አለ። ጎን ለጎን የተዘረጉት ኬብሎች ሁሉ ስማቸው አንድ አንድ ደረጃ እየወረደ በጎረቤታቸው ጀርባ ላይ ተቀመጠ። ከሁሉ በላይ ያለችው ብቻ ያለ ስም ቀረች። እንከን ያያት እሷን ነው።

የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች ይባላል። የፈሰሰው የሚለቀም ሲሆን ነው እንጂ።

«መቼ ነው የላክሽው?» አለ እንከን።

«ትናንት አሥራ አንድ ሰዓት ላይ።»

«እንግዲህ ዛሬ ጠዋት ያተመ ሰው ሁሉ...»

ሚጣ አልሰማችውም። ስልኳን አውጥታለች። ጋሼ ጠዋት የታተመውን ሥዕል ፎቶ አንሥቶ ልኮላት ነበር፤ ከሥሩም «አንገቴ ዳነ! ዛሬ አምስት ሰዓት ላይ አሮጌውን ሰባት ቁጥር ቆርጠን እንገላገላለን። እጅሽ ይባረክ» ብሎ ጽፏል። ያኔ ጥርሷ እስኪታይ ስቃ ነበር ያነበበችው። አሁን ፎቶውን በሁለት ጣቷ ከፍታ አየችው። ለሥራ የሚታተመው በጉድጓዱ ዙሪያ ያለው ቁራጭ ብቻ ነው፤ አራት መስመር፣ አራት ስም፣ ንጹሕ ሥራ። ስም የጎደላት መስመር የለችም። ሰባት የሚለው ስም የተቀመጠው በስምንት ላይ ነው።

ሰዓቱ አራት ተኩል ሆኗል።

ደወለች፤ ጠራ፣ ጠራ፣ ዘጋ። ኬብል ሠራተኛ ከመውረዱ በፊት ስልኩን መኪናው ላይ ባለው ሣጥን ይቆልፋል፤ ደንባቸው ነው። ለመቆጣጠሪያ ክፍሉ ደወለች። ተረኛው አነሣ።

«ሥዕሉ ላይ ስህተት አለ» አለችው። «ሰባት ቁጥርን የሚቆርጡት ሰዎች...»

«ሰባት ጠፍቷል እኮ። ከሦስት ሰዓት ጀምሮ ጠፍቷል። ምን አስጨነቀሽ?»

«የሚቆርጡት ሰባትን አይደለም! ስምንትን ነው የሚቆርጡት። በፈጠረህ፣ ስምንትን አጥፋልኝ።»

ወረቀት ሲገለጥ ተሰማት።

«ስምንት የሆስፒታሉ ነው፣ እህቴ። በስልክ ተነግሮኝ ስምንትን አላጠፋም። ማን ልበል?»

«ፕሮግራሙን የጻፍኩት ነኝ።»

«እኔ አላውቅሽም፤ አትቀየሚኝ። አለቃዬን ላግኝና እደውልልሻለሁ።»

ስልኩ ተዘጋ። የሚጣ አለቃ ጩኸቷን ሰምቶ ከክፍሉ ወጣ። ነገሩን በሁለት ቃል ነገረችው። ፊቱ ዐመድ መሰለ፤ ግን የድርጅት ሰው ነውና መጀመሪያ የታየው ድርጅቱ ነው። «ቀስ እንበል። በደብዳቤ እናሳውቃቸዋለን። አገላለጹን ግን ማሰብ አለብን» አለ።

«አንተ አገላለጹን አስብ» አለችው፤ ለአለቃዋ እንዲህ ተናግራ አታውቅም። «እኔ ወንድሜን ላውጣ።»

«ሞተር አለኝ» አለ እንከን፤ የራስ ቁሩን ከወዲሁ አጥልቋል።

እንከን በሕይወቱ የትራፊክ ሕግ ጥሶ አያውቅም። በየመታጠፊያው ምልክት ያሳያል፤ ሰው በሌለበት የእግረኛ ማቋረጫ ላይ ይቆማል። ሚጣ ከኋላው ሆና ጃኬቱን ጨምድዳ ይዛ ራሷን ታባብላለች። ጋሼ ሳይፈትሽ አይነካም። ኤሌክትሪክ ያለበትን ኬብል የሚለይ፣ በኬብሉ ላይ እንደ አምባር የሚጠለቅ መሣሪያ አለው፤ መብራቱ ከቀላ እጁን ይሰበስባል። ቤት ውስጥ አምፖል ሲቀይር እንኳ ሦስት ጊዜ የሚፈትሽ ሰው ነው፤ በዚህም ሲሳቅበት ይኖራል። ይፈትሻል። ጋሼ ነው፤ መቼም ይፈትሻል።

ቀይ መብራት ላይ ቆመ።

«ጣሰው!»

«ሚጣ፣ ቀይ ነው እኮ።»

«እንከን፣ በናትህ!»

ጣሰው። ዓይኑን ሳይጨፍን አልቀረም። ቀጥሎ ያለው መንገድ በመኪና ጢም ብሏል። ሚጣ ሞተሩ ሳይቆም ዘለለችና እግሬ አውጪኝ አለች። አንድ ጫማዋ ሲወልቅ ሌላውን ራሷ አወለቀችው።

ጉድጓዱ ጋሼ በላከው ሥዕል ላይ እንዳየችው አንድ ጋዜጣ መሸጫ ፊት ለፊት ነው፤ ዙሪያውን ታጥሯል። የድርጅቱ መኪና ቆሟል፤ በላዩ ላይ ጄነሬተር ይጮሃል፤ ከጄነሬተሩ የወጣ ወፍራም ገመድ ጉድጓዱ ውስጥ ገብቷል። በአፉ ላይ የጋሼ የሥራ ጓደኛ፣ ድብልብል ያለ ሰው፣ ጠባቂ ሆኖ ቆሟል። ሁልጊዜ አንድ ሰው ከላይ መቆም አለበት። ከታች የመጋዝ ድምፅ ይሰማል። ተጀምሯል።

«አቁሙት!» አለች። ድምፅዋን ራሷም አልሰማችውም።

ድብልብሉ ሁለት እጁን ዘርግቶ መንገዱን ዘጋባት። ልታስረዳው አልሞከረችም። የኬብል ሠራተኛ እህት ናትና ጄነሬተር የት ጋ እንደሚጠፋ ታውቃለች። መኪናው ላይ በደረቷ ወጥታ ቀዩን ቁልፍ በመዳፏ መታችው።

ጸጥ አለ። መንገዱ ሁሉ ጸጥ ያለ መሰላት።

«ማነው ያጠፋው?» የሚል ቁጣ ከመሬት ሥር መጣ። ከዚያ የጋሼ የራስ ቁር፣ ከዚያ ፊቱ ወጣ። «ሚጣ? ጫማሽ የታል?»

«የያዝከው ስምንት ነው፣ ጋሼ። ሰባት አይደለም። ስሞቹን... እኔ ነኝ ያዛነፍኳቸው።»

ጋሼ ወደ ጓደኛው ዞሮ «መሣሪያውን አቀብለኝ» አለው።

ድብልብሉ መሣሪያውን ከመኪናው ላይ፣ ከተዘጋ ሣጥን ውስጥ አወጣው። ሚጣ ሣጥኑ ሲከፈት ስታይ መሣሪያው ዛሬ ከዚያ እንዳልወጣ ገባት። በሆዷ ተኝታ ወደ ጉድጓዱ አየች። በእጅ ባትሪው ብርሃን አራት ኬብሎች ግድግዳውን ይዘው ያልፋሉ። በአንዱ ላይ ጋሼ በጠመኔ ሰባት ብሎ ጽፏል። ከጽሑፉ አጠገብ መጋዙ የውጭውን ጎማ የጥፍር ጥልቀት ያህል በልቶታል። ጋሼ አምባሩን በኬብሉ ላይ አጠለቀው።

ቀላ። ጮኸም።

ጋሼ አምባሩን አወለቀው። ሲወጣ የጉድጓዱ አፍ ላይ ተቀመጠና ጓንቱን አወለቀ። ሁለቱን መዳፎቹን በብብቱ ሥር ከተታቸው።

«መሣሪያውን ሳትይዝ ነው የወረድከው?» አለች ሚጣ። «አንተ?»

«ሃያ ሁለት ዓመት ሳልፈትሽ ነክቼ አላውቅም።»

«ታዲያ ዛሬስ?»

«ያንቺ ነዋ» አለ ጋሼ። «የእህቴ ሥራ ነው፣ ምኑን እፈትሸዋለሁ ብዬ ነው።»

ቂም የለበትም፤ የጠየቀችውን መለሰላት እንጂ። ሚጣ ግን ቢሰድባት፣ በጥፊ ቢላት በወደደች ነበር። እንባዋ መጣ፤ አላቆመችውም።

እንከን ሞተሩን እየገፋ ደረሰ። ሁለቱንም ጫማዎቿን ለቅሞ በራስ ቁሩ ውስጥ ይዟቸዋል። «ደረስን?» አለ። ድብልብሉ ራሱን ነቀነቀለት። እንከን መንገዱ ዳር ቁጭ አለና ውሃ ለመነ።

ሥራው መጨረስ ነበረበት። ጋሼ ሥዕሉን በመኪናው አፍንጫ ላይ ዘረጋው፤ እሱ በወዲህ በኩል፣ ሚጣ በወዲያ፣ እንደ ድሮው። ጽሑፉ ለእሷ ተዘቅዝቋል፤ ለእሷ ግን ያው ነው። እስክሪብቶ ይዛ ከእያንዳንዱ ስም ወደ ትክክለኛው መስመር ቀስት ሠራች። የመጨረሻዋን ሁለቴ አሰመረችባት።

«ሰባት ይቺ ናት» አለች። «ካጠፋችኋት ቆይታችኋል። ይቺን ነው የምትቆርጠው።»

ጋሼ ወረቀቱን አጠፈ። መጋዙን አነሣ። ወደ መሣሪያው እጁን ዘረጋና ቀና ብሎ አያት፤ ሰው ወዳጁ የሰጠውን ብር እዚያው ፊቱ ሲቆጥር እንደሚያፍረው ዓይነት አስተያየት ነበር።

«ያዘው፣ ጋሼ» አለችው።

«አይ፣ አሁንማ አንቺ ራስሽ...»

«እኔ ስለሆንኩ ነው። ፈትሸው። ሁለት ጊዜ ፈትሸው።»

ጋሼ መሣሪያውን ይዞ ወረደ። አምባሩን አጠለቀ፤ አልቀላም። አውልቆ እንደገና አጠለቀ፤ አልቀላም። «ልቀቂው!» ብሎ ከታች ተጣራ። ሚጣ በባዶ እግሯ መኪናው ላይ ወጥታ ጄነሬተሩን አስነሣች፤ መጋዙም ማጓራት ጀመረ። ኬብሉ ተቆርጦ እስኪያልቅ ድረስ መዳፏን ከቀዩ ቁልፍ ላይ አላነሣችም።