ከጀውሃ መልስ

ማራገቢያው የአልበሙን ሽፋን ሁለት ጊዜ ከጠረጴዛው ላይ አነሳው፤ ሁለቴም ሚልኪያስ ጎንበስ ብሎ ለቀመው። በሦስተኛው ጋሼ ንጉሤ የማንጎ ሳህናቸውን ጫኑበትና ገላገሉት። ሽፋኑ ላይ ያለው የራሳቸው ፎቶ ነው፤ በጎልማሳነታቸው፣ ሳክስፎን አንግተው፣ አሥራ ሁለት ተጫዋች ከኋላቸው አሰልፈው። ከፎቶው ሥር «መታሰቢያ» የሚለውን ቃል ሲያነቡ፣ የቁም ተዝካር ስለደገሰላቸው አመስግነውታል።

ሚልኪያስ የጃዝ ፒያኖ ተጫዋች ነው። ጋሼ ንጉሤ ይመሩት የነበረውን የስዊንግ ባንድ ሥራዎች ከአሮጌ ካሴት እያዳመጠ ለፒያኖ ሲያዘጋጅ ሦስት ዓመት ከርሟል። አልበሙ ነገ ለአሳታሚው ይገባል። እርሳቸው «ልክ ነው» ካላሉ ግን እንደማያስገባው ለራሱ ምሎ፣ ኪቦርዱን መኪና ላይ ጭኖ ሸዋ ሮቢት ወርዷል። የምሳ ሰዓት አልፎ የልጃቸው የሊያ ምግብ ቤት ጭር ብሎ ነበር።

ከአልበሙ ስምንት ዜማዎች ሰባቱ አለፉ። ሽማግሌው አንዳንዱን ጠረጴዛውን በጣታቸው እየመቱ፣ አንዳንዱን ማንጎ እየላጡ ሰምተው «ልክ ነው» አሉ። የቀረው ስምንተኛው ነው፤ ሚልኪያስ ከሁሉም አብልጦ የሚወደው። በካሴቱ ላይ ዜማው እየጋለ ይሄድና ከከበሮው ድምፅ ሥር ጋሼ ንጉሤ «ውሃ!» ብለው ይጮኻሉ፤ ካሴቱም እዚያው ላይ ያልቃል። እርሱም ዜማውን «ውሃ» ብሎ ሰየመው፤ ስለ ቆላው ጥምም አንድ ገጽ ሙሉ ጽፎ ከሽፋኑ ጋር አያያዘው። ሲጫወተውም እዚያች ጩኸት ላይ ሲደርስ ድምፁን ቀስ አድርጎ ያጠፋዋል።

አሁንም እንደዚያው አጠፋው። ጋሼ ንጉሤ የቀረውን የሚጠብቁ ይመስል ጆሯቸውን ወደ ኪቦርዱ አዘነበሉ። ኋላ የዜማውን ስም ጠየቁት፤ ነገራቸው። ፎጣቸውን ከትከሻቸው አውርደው እንባቸውን እስኪጠርጉ ሳቁ።

«ውሃ ማን ጠጥቶ። ጀውሃ ነው ያልኩት፤ የፊቷን ፊደል ከበሮው ውጧት ነው።»

ባንዱ ወደ ደሴ ሲሄድ ሮቢት ያድር ነበር። በማግስቱ ቀጥላ ያለችው ከተማ ጀውሃ ሲደርሱ የተረሳ ነገር ትዝ ይላቸዋል፤ አንድ ቀን የኖታው ቦርሳ፣ ሌላ ቀን ከበሮ መቺው ራሱ። ሾፌሩ እየተራገመ አውቶቡሱን ያዞራል። ከዚያ ወዲህ መድረክ ላይ «ጀውሃ» ከተባለ፣ ከመነሻው ድገሙት ማለት ሆነ።

ሚልኪያስ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠው ወደደ። ሦስት ዓመት ሙሉ ዜማውን መንገድ ላይ ጥሎት ኖሯል። ያንን የጥም ገጽ ከሳህኑ ሥር ስቦ አጣጠፈና ኪሱ ከተተው። ሲከነክነው የኖረ ሌላም ነገር ነበር፤ በዚህ ዜማ ብቻ የጋሼ ንጉሤ ሳክስፎን አይሰማም። ለምን እንደሆነ ጠየቃቸው።

«በመጀመሪያው ዙር ዝም እላለሁ» አሉ፣ ሳቃቸውን ትተው። «የምገባው ከጀውሃ መልስ ነው።»

ካሴቱ ያልያዘው ያንን ነበር። ጥርሳቸው ካለቀ ወዲህ ደግሞ ሳክስፎኑን ነፍተውት አያውቁም። የወጥ ቤቱ በር ላይ ቆማ ስታዳምጥ የነበረችው ሊያም ይህን ዜማ ሲጫወቱት ሰምታ አታውቅም። መጥታ ማራገቢያውን አጠፋችና ስልኳን ለቀረጻ ከፍታ ሳህኑ አጠገብ አኖረችው። ሙቀቱ ወዲያው ተጫናቸው።

ሚልኪያስ እንደገና ጀመረ። ደስ አለው፤ የተሳሳተ ሰው እንዲህ ደስ ሊለው እንደሚችል አላወቀም ነበር። ዜማው ጋለ፤ እዚያች ቦታ ደረሰ።

«ጀውሃ» አሉ ጋሼ ንጉሤ።

ሚልኪያስ ወደ መነሻው ተመለሰ። ሽማግሌው ዓይናቸውን ጨፍነው፣ ሳክስፎን የያዙ ይመስል ጣቶቻቸውን ደረታቸው ላይ ደረደሩ። በአፋቸው ሊያዜሙ ትንፋሽ ሲስቡ ሚልኪያስ ሰማ። ቀኝ እጁን ከኪቦርዱ አንስቶ ጭኑ ላይ አሳረፈና፣ ዜማውን ለእርሳቸው ትቶ በግራው ብቻ እየተጫወተ ጠበቃቸው።